የተገዘተው ባሕር ዛፍ

ታፔላውን አንብበህ ከሆነ የመጣኸው፣ እንኳን ደህና መጣህ፤ ግን ያነበብከውን እርሳው። «የጉማዝል ፏፏቴና የጉም ደን በሕዝቡ የነቃ ተሳትፎ አገገመ» ይላል አይደል? ኤዲያ! የነቃ ተሳትፎ! የኛ ሰው የሚነቃው ለድግስ ነው። እኔ ዘመናይ እባላለሁ። ቤቴ ያቺ ከገደሉ ሥር ያለችው ናት፤ ይህን የምታየውን ኮሶና ዝግባ ከፍሬው ጀምሬ ያበቀልኩት በዚያች ጓሮ ነው። አፏ ክፉ ነው ይሉሃል፣ እውነታቸውን ነው። ተቀመጥና ልንገርህ።

ጉማዝል የተባለው ጉም ስለሚያዝል ነው። በልጅነቴ ከሰኔ እስከ ጥር ገደሉ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነበር የሚሰማው። ዛፉ ጉሙን ይይዝና ቀኑን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ይውላል፣ ምንጩም ከዚያ ይጠጣል። ሙሽራ በዚህ ስታልፍ በፏፏቴው ውሃ ፊቷን ሳታረጥብ አትሻገርም ነበር፤ እኔም አማረን ሳገባ በቅሎዋን አቁመው አርጥበውኛል። ኋላ ጎበዝ ነኝ ያለው ሁሉ ምሳሩን አነሳ። አንዱ ለማገር ቆረጠ፣ አንዱ ለከሰል፣ አንዱ ደግሞ ጎረቤቱ ስለቆረጠ ብቻ ቆረጠ። ዛፉ ሲያልቅ ጉሙ ማረፊያ አጣና ቀረ። ፏፏቴው መጋቢት ላይ የላም ሽንት አከለ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለውን ተረት እኛ በቁማችን አየነው።

ያን ጊዜ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኛ ዘንድ ኮሚቴ ከተቋቋመ ሥራው እንዳለቀ ነው የሚቆጠረው። ሊቀ መንበሩ ደመላሽ ሆነ። ደመላሽ ማለት ያ ማዶ አዲስ ቆርቆሮ ቤት ያለው ነው፤ ቁመቱ ሸጋ፣ ድምፁ ሸጋ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለው። ገና አንድ ጉድጓድ ሳይቆፈር ታፔላውን አስተከለ። ስብሰባ በጠራ ቁጥር ንግግሩን የሚጨርሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ነው። እኔ እነዚህ ሰዎች ተባብረው ፍየል ሲያስሩ አላየሁም።

ሥራውን የሠራነው በወንፈል ነው፤ ዛሬ ለኔ ነገ ላንቺ እየተባባልን፣ እኛ ሴቶቹ። ከማርያም ቅጽር ውስጥ የኮሶና የዝግባ ፍሬ ለቅመን፣ ላስቲክ ውስጥ አፈር ሞልተን፣ ጓሮዬ ውስጥ አበቀልን። ባሌ አማረ ጉድጓዱን ቆፈረ። ሰው ይስቅበታል፣ እሱ ይቆፍራል። አፍ የሚባል አልፈጠረበትም፤ የሁለታችንንም ድርሻ እኔ ነኝ የወሰድኩት። ችግኙ በተተከለ በዓመቱ ታመመና አረፈ። የተቀበረው ማርያም ነው፣ ከግንቡ ሥር። ከጎኑ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ አስቀርቼ ድንጋይ ደርድሬበታለሁ። የኔ ነው። በዚህ ዓለም ከቀረኝ ነገር ሁሉ የምሳሳለት ለዚያ ቦታ ነው፤ ይህን ያዝልኝ።

የተከላው ቀን ከደብረ ማርቆስ እንግዳ መጣ፤ ከታች ያለችው የቁይ ከተማ ነጋዴዎችም ውሃው ወደነሱ ስለሚወርድ ሊያግዙ መጡ። ችግኜን በቅርጫት ተሸክሜ ስወጣ ደመላሽ ምንጩ ራስ ላይ ቆሟል። በአይሱዙ ያስመጣውን ባሕር ዛፍ እያስተከለ ነው። እግዚኦ!

«ደመላሽ፣ ምንጭ ላይ ባሕር ዛፍ? ውሃ የሚምገውን?»

«ቶሎ ያድጋል። እንግዳው ለከርሞ ሲመጣ አረንጓዴ ማየት ይፈልጋል። ያንቺ ኮሶ እስኪያድግ እኛ የለንም።»

«አንተ ባትኖር ማን ይጎዳል?» አልኩት። እንግዶቹ ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ፣ ባሕር ዛፉም ተተከለ።

ከሰዓት በኋላ ቄስ ኃይለ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው መጡ። በዚህ ቀበሌ ከልቤ ያከበርኳቸው አንድ ሰው እሳቸው ናቸው። ሰው ዛፉን እንዳይነካ ግዝት እንዲያኖሩበት ተለምነው ነበር። የኛ ሰው ፖሊስ አይፈራም፣ ግዝት ግን ይፈራል። ከተገዘተ ሰው ጋር ማንም አይበላም፣ ሲሞት ፍትሐት የለውም፣ ቅጽር ውስጥም አይቀበርም። ሳይጀምሩ ጠጋ ብዬ «አባቴ፣ ባሕር ዛፉን ይለዩልኝ» አልኳቸው። ደመላሽ ቀደመና «ዛፍ ከዛፍ ከለየንማ ነገ ሁሉም የኔን ይለዩልኝ ይላል» አለ። ሰዉም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አለ። ቄሱ አዩኝና «ባሕር ዛፉ ሲያስቸግር ያን ጊዜ እፈታዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ከዚህ ቋጥኝ እስከዚያ ቋጥኝ ከልለው፣ በዚህ ውስጥ ዛፍ የቆረጠ የተገዘተ ይሁን ብለው ገዘቱ። ሕዝቡ በሙሉ አሜን አለ። ቁይ ላይ ጨውና ገመድ የሚሸጠው አብዱራህማንም ከነጋዴዎቹ መሀል ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ አሜን ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

ቄሱ ሳይፈቱት ሞቱ። ሞት ቀጠሮ ያከብራል እንዴ?

ግዝቱ ሠርቷል፣ አልዋሽም። ከብት የገባ የለ፣ ምሳር ያነሳ የለ። ግን ከሁሉ የተመቸው ለባሕር ዛፉ ነው። በጥቂት ክረምት ከቤት በላይ ሄደ። ደመላሽ ከፊቱ እየቆመ ከእንግዳ ጋር ፎቶ ይነሳል። ምንጩ ራስ ያለው ረግረግ ደረቀና ተሰነጣጠቀ። ከታች ያለው ኮሶዬ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ዝግባው ከጫፉ ይደርቅ ጀመር። አማረ በእጁ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ዛፍ ነው እንግዲህ።

ባሕር ዛፉ መነሳት እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ ደመላሽም ያውቃል። በየስብሰባው «ይነሳ!» ይባላል። «ማን ያንሳው?» ሲባል ሁሉም ጫማውን ያያል። አንዱ መብረቅ እንዲመታው ምህላ እንያዝ አለ። ሌላው «እሳት ድንገት ቢነሳ የማን ጥፋት ይባላል?» አለ፣ ዓይኑን እየጠቀሰ። «የኔንስ ኮሶ እሳቱ በስም እየጠራ ሊለየው ነው?» ብዬ ጮህኩበት። አዲሱን ቄስ እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። ልጅ ናቸው፣ ጢማቸውም ገና ነው። «ያላሰርኩትን አልፈታም» ብለው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደመላሽ ፊቱ በርቶ ተነሳ። «ወገኖቼ፣ መላ ተገኘ። ግዝቱ የሚይዘው ክርስቲያኑን ነው። አብዱራህማን ይቁረጥልን!» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እስከዛሬ የት ነበርክ ተባለ። እኔ አፈርኩ። በሱ አይደለም፣ እሱንማ ለምጄዋለሁ፤ በሚያጨበጭቡት ነው ያፈርኩት። ከኔ ጋር ላስቲክ የሞሉ ሴቶች ያጨበጭባሉ። የራሳቸውን ፍርሃት ለሌላ ሰው ሊያሸክሙ፣ ያውም ለቅሶ በደረሰባቸው ቁጥር ቀድሞ ለሚደርስ ሰው! ጉዳቸውን ልይ ብዬ በገበያው ቀን ተከትያቸው ቁይ ወረድኩ።

አብዱራህማንን ሱቁ ደጃፍ ገመድ ሲጠቀልል አገኘነው። ወንበር አወጣ፣ ለሁላችንም ሻይ አዘዘ። ደመላሽ ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ አብሮነት ብዙ ተናገረና በመጨረሻ ጉዳዩን አወጣው። አብዱራህማን ገመዱን መሬት አስቀመጠ።

«ሲገዘት እኔ የት ነበርኩ?» አለ።

«እዚያው፣ ከኛ ጋር» አለ ደመላሽ።

«ምን አልኩ?»

«አሜን ብለሃል» አልኩት እኔ።

«አዎ፣ እትዬ ዘመናይ፣ ብያለሁ። ለናንተ ብዬ አይደለም፣ አላህ እየሰማኝ ነው ያልኩት። ቄሱ የናንተ ናቸው፤ ቃሉ ግን የራሴ ነው። ደግሞስ ዛሬ ብቆርጥላችሁ፣ ነገ በረዶ ሲወርድ በማን ልታሳብቡ ነው? በሉ ሻያችሁን ጠጡ።»

ሻዩንማ ጠጡት! ዓይናቸውን በጨው አጥበው ጠጡት። ስኳር ጨምርልኝ ያለም ነበር። ወጥተው መንገድ ሲጀምሩ «ድሮስ ከሱ ምን ይጠበቃል» እያሉ ያሙታል። እንትፍ ብዬ ትቻቸው ቀድሜ ሄድኩ።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። አልደብቅህም፣ ፈርቼ ነው። ባሕር ዛፉን ካልቆረጥኩ የአማረ ዛፍ ይሞታል፤ ከቆረጥኩ ከአማረ ጎን አልተኛም። መቃብሩ ድረስ ሄጄ ምን ይሻላል ብዬ ጠየቅኩት፤ እሱ በሕይወት እያለም ለጥያቄ መልስ አያውቅ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሳስብ፣ ይህ ሰው በእጁ የቆፈረው የችግኝ ጉድጓድ ነው አልኩ፣ መቃብርማ ሌላ ሰው ነው የቆፈረለት። ተነስቼ ምሳሬን ሳልኩ። ግንቦት ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ወጣሁ።

ማዶ ኮረብታው ላይ ተሰብስበው ተቀመጡ። ሴቶቹ ያማትባሉ። ደመላሽ «ኧረ ተይ፣ አንቺ ሴትዮ! ኧረ ተይ!» እያለ ይጮሃል። ተይ ይላል እንጂ አንድ እርምጃ አልተራመደም፤ እንድቆርጥለት ይፈልጋላ! ባሕር ዛፍ ቆርጠህ ከተውከው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ የየጉቶውን ቅርፊት እየላጥኩ አፈር አለበስኩት። መዳፌ ተላጠ፣ ወገቤ እምቢ አለ። ቀን በቀን ተመላለስኩ። እነሱም ምሳቸውን ቋጥረው እየመጡ ቀን በቀን ተመለከቱ። ውሃ እንኳ ያቀበለኝ የለም።

የመጨረሻው ዛፍ በወደቀ ማግስት አህያ እየነዱ መጡ። «የተገዘተው መቁረጥ ነው፣ መሸከም አልተገዘተም» አለ ደመላሽ፣ ቀጥ ቀጥ ያለውን አጣና ለራሱ እየለየ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ የኛዎቹ በአህያ ጫኑት። አንዱ ጎተራ ሠራበት፣ አንዱ በረት፤ ደመላሽ ያን የምታየውን ቤት ሠራበት። ጭነው ሲያበቁ እኔን አገለሉኝ። የማርያም ማኅበር ጽዋው ዘለለኝ። ከቤቴ እሳት የሚጭር ጠፋ። ማሬ የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ አብረን ችግኝ ያፈላን ነን፤ መንገድ ላይ ስታየኝ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። የበረቷ ማገር ግን የኔው አጣና ነው። አዲሱ ቄስም አቁመውኝ «ከባልሽ ጎን መቀበር የለም፣ እንድታውቂው» አሉኝ። ቤቴ እስክገባ እንባዬን ያዝኩ፤ ፊታቸውማ አላለቅስም።

ሐምሌ ላይ ረግረጉ ውሃ ቋጠረ። ኮሶው አዲስ ቅጠል አወጣ። ብቻዬን ገደሉ አፍ ላይ ቆሜ እልል አልኩ፤ ማንም አልተቀበለኝም።

ኋላ የደመላሽ ጊደር ገደል ገብታ ሞተች። በሳምንቱ በአጣናው የተሠራው ጎተራ ከነእህሉ ተናደ። ይኸኔ ድንጋጤ ነው! አጣናው ነው፣ ግዝቱ ነው ተባለ። ለካ የቄስ ኃይለ ሚካኤል መምህር አባ ዘመንፈስቅዱስ ዲማ ገዳም በሕይወት አሉ፤ ተማሪያቸው ያሰረውን እሳቸው መፍታት ይችላሉ። ይህን ማን ተናገረ ብትለኝ፣ ያው አዲሱ ቄስ ናቸው። «እግርዎ ላይ ወድቄ ስለምንዎት ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «እርስዎ ይፍቱልኝ አልሽኝ እንጂ ማን ይፈታል መቼ አልሽኝ?» አሉኝ። ለምንጩ ሲሆን የዲማን መንገድ የሚያውቅ አልነበረም፤ ለጣሪያቸው ሲሆን ጎህ ሲቀድ ተነሱ።

እየዘፈኑ ተመለሱ። ተፈትተናል አሉ፤ ጠላ ወጣ። እኔ አጥሩ ላይ ቆሜ «እኔስ?» አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ።

«ያንቺ ስም አልተነሳም» አለኝ ደመላሽ። «እግር አለሽ፣ አንቺም ሂጂ።»

ሄድኩ። ቁይ ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ አብዱራህማን አየኝና ሱቁ አስገብቶ ዳቦና ሻይ አቀረበልኝ፤ ራሱም አብሮኝ ቆረሰ። «ከተገዘተ ሰው ጋር ትበላለህ?» አልኩት። «አሜን ያልኩት ላለመቁረጥ ነው፤ እንግዳ ላለማብላት ቃል አልገባሁም» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ከሰው ጋር በላሁ።

አባ ዘመንፈስቅዱስ እጅግ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ተማሪዎቻቸውን አስወጥተው ሰሙኝ። አንድ ሳልቀንስ ነገርኳቸው፣ የሻዩን ስኳር ሳይቀር። ስጨርስ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«ሰዎችሽ እዚህ ነበሩ» አሉ። «ዛፉን ነፋስ ጣለው፣ እኛ የወደቀውን ተሸከምን ነው ያሉኝ። ለካ ነፋሱ አንቺ ነሽ!»

ነፋስ! ምሳቸውን ቋጥረው ሲያዩኝ ሰንብተው፣ ነፋስ! ቆሽቴ አረረ። የማውቀውን ስድብ ሁሉ በልቤ አወረድኩት፤ ቦታው ገዳም ባይሆን በአፌም አልቀረም ነበር።

«እፈታሻለሁ፣ ልጄ» አሉ አባ፣ ሳቃቸው ሲበርድ። «ቀኖና ግን አለብሽ።»

ስግደት መስሎኝ ነጠላዬን አጠበቅኩ።

«ያን ደመላሽ የምትይውን ሰው ይቅር በይ። ከልብሽ። ከልብሽ ይቅር ያልሽው ቀን ተፈትተሻል፤ ከባልሽም ጎን ትቀበሪያለሽ። ለቄሳችሁ እልክበታለሁ።»

«አባቴ፣ ስግደት ይስጡኝ።»

«አይሆንም።»

«ጾም ይጨምሩልኝ። ድንጋይ ያሸክሙኝ፤ ከዚህ ጉማዝል ድረስ እሸከማለሁ።»

«ትሸከሚያለሽ፣ አላጣሁትም። ቀኖና የሚሰጠው ግን ሰው ከሚከብደው በኩል ነው።»

መንገዱን ሁሉ እየተሳደብኩ ተመለስኩ። ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ደመላሽ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ከራሱ በላይ እኔ የቆረጥኩት ወራጅ ተደርድሯል። አማረን አሰብኩ። ያቺን ከጎኑ ያለችውን ቦታ አሰብኩ። ጥርሴን ነከስኩ።

«ደመላሽ፣ ይቅር ብዬሃለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ተንኮል ብፈልግ ብፈልግ የለም። ሰውየው ከልቡ ገርሞታል።

«ለምኑ?» አለኝ።

እግዜር ያሳይህ! ለምኑ!

አሁን በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ እለዋለሁ። እሱም በየሳምንቱ ለምኑ ይለኛል፤ ጤና የጎደለኝ መስሎት ወንበር ያቀርብልኛል። ፏፏቴው እንደምትሰማው ነው፣ ጉሙም ተመልሷል፣ ኮሶው ከኔ ቁመት በልጧል። እኔ ግን አርጅቻለሁ፣ ብርዱ ሲገባ ደረቴን ይወጋኛል። ማሬ ባለፈው መጥታ «አይዞሽ፣ ሁላችንም ሟች ነን» አለችኝ። እናንተስ ሙቱ፣ ማን ከለከላችሁ! እኔ ያን ሰውዬ ከልቤ ይቅር እስክለው ድረስ መሞት አልችልም።